ላይኩ ከጅዳ፣ ዳቦው ለሆጤ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን አፍልቼ፣ ስልኬን ጀበናው ላይ አስደግፌ ነው ድምፄን የምቀዳው። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ፣ ደሴ ነውና አብሽሩ።

እንደምታውቁት ቤቴ ዳቦ እጋግራለሁ። በኮባ የሚጋገር ድፎ፣ ሲታዘዝ ደግሞ የልደት ኬክ። ዛሬ የማወራችሁ ደንበኛ ፍለጋ ቲክቶክ ላይ ወጥቼ ስላየሁት ጉድ ነው።

አንድ ቀን ኮባውን ስገልጥ እንፋሎቱ ቦለል ሲል ቀርጬ ለቀቅኩት። አጭር ቪዲዮ ነው። ማታውን ስልኬ ሲጮህ አደረ። «ሀገሬ!» «እናቴን አስታወስሽኝ!» «ወይ ወሎ!» እኔም ነገ በሬ ላይ ሰልፍ ይኖራል ብዬ ሌሊት ተጨማሪ ሊጥ አቦካሁ።

በማግስቱ ስንት ዳቦ የሸጥኩ ይመስላችኋል? አንድ። የገዛችውም ጎረቤቴ ናት፤ ቲክቶክ የሚባል ነገር የላትም።

ቁጭ ብዬ ኮሜንቱን አንድ በአንድ አነበብኩት። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ። የወሎ ልጅ ያልሄደበት አረብ አገር የት አለ? ግን ዳቦ ጅዳ አይላክ! ለእኔ አካባቢ ማለት ዳቦው ሳይበርድ የሚደርስበት ነው። ኮምቦልቻ እንኳ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ኬክ በሚኒባስ ልኬ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ሲወርድ ክሬሙ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ደርሷል።

ለካ ጥፋቱ የኔ ነበር። ቪዲዮው ላይ የጻፍኩት «ኢትዮጵያ» ብቻ ነው። ታዲያ እዚሁ ደሴ ያለ የሰኞ ገበያ ሰው የት ብሎ ይፈልገኝ? አሁን ቪዲዮው ሲጀምር «ደሴ፣ ሆጤ» እላለሁ። የቤት ቁጥር አልጽፍም፤ በቤት ቁጥር ቤት ያገኘ ሰው አላውቅም። «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ሰማያዊው በር» ይበቃል።

ዋጋም እጽፋለሁ። ይሄ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ በርበሬው ስንት ነው ስትሉ፣ ነጋዴዋ «ጆሮሽን አምጪ ልንገርሽ» ብትላችሁ ትገዛላችሁ?

ሰዓትም አለው። ረመዳን ላይ በቀትር የዳቦ ቪዲዮ ለቀቅኩ። አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ እኛ ምራቃችንን እየዋጥን ነው፣ ምናለ ከመግሪብ በኋላ ብታደርጊው?» አፈርኩ። ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ከጾመኛ ጎረቤት ጋር አይደል ያደግኩት? ከዚያ ወዲህ የሳምቡሳውንም የዳቦውንም ማታ ነው የምለቀው። እውነቱን ለመናገር ማታ ይበልጥ ይታያል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቻናል አለኝ። ቲክቶክ ለማን እንደሚያሳየኝ ራሱ ነው የሚያውቀው። ቻናሌ ውስጥ ያለው ሰው ግን ፈልጎኝ የገባ ነው። ሐሙስ ማታ «ለቅዳሜ እጋግራለሁ፣ ስንት ልያዝላችሁ?» እላለሁ። ቀብድ በቴሌብር ይገባል፣ እኔም የታዘዘውን ያህል አቦካለሁ። የተረፈ ዳቦ እንደ ድሮው አያስለቅሰኝም።

ግን ሁሉን ነገር ስልክ ላይ አትጣሉ። የካቲት 2015 ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ሲገደቡ ያለ ቪፒኤን አልገባ አሉ። ሐምሌ ላይ ተከፈተ ብለን እፎይ ሳንል፣ ወሩ ሳያልቅ የክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ያኔ ያዳነኝ ደብተር ነው። ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የልጅ ልደት፣ ስኳር ይቀነስላት የሚል ማስታወሻ ሳይቀር ጽፌበት ነበር። ቁጭ ብዬ መደወል ነው። ዛሬም አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እጽፋለሁ። ልጄ «ኤክሴል አለ እኮ» ይለኛል። ይበል።

አሁን ስለ ጅዳዎቹ ልንገራችሁ። ዳቦ የማይገዙ ናቸው ብዬ ችላ ብያቸው ነበር። አንዲት ልጅ ኢንቦክስ ጻፈች። «እናቴ እዚያው ሆጤ ናት። አንድ ዳቦ ውሰጂልኝ፣ ብሩን እህቴ ከአዲስ አበባ ትልክልሻለች።» ወሰድኩ። እናትየው በሩን ከፍተው «እኔ አላዘዝኩም» አሉ። «ልጅዎ ናት» ስላቸው ኮባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም አሉ። ዱአ ሳያደርጉልኝ አልሄድኩም፤ ቡናም ሦስተኛው ሳይደርስ አልለቀቁኝም።

ከዚያ የሪያዷ መጣች፣ ከዚያ የቤይሩቷ። ዳቦው ከሰፈር አልወጣም፤ አዛዡ ነው ባሕር ማዶ ያለው። የእናቶቹ ጎረቤቶችም ቀምሰው ይደውላሉ።

ባለፈው ሳምንት እኚያው እናት ራሳቸው ደወሉ። «ሰደቃ አለብኝ፣ ስድስት ዳቦ ያዢልኝ። ለልጄ ግን እንዳትነግሪያት። ከሰማች ብር ትልካለች።»