ብሩ ከሂሳብ ተቆርጦ ኤቲኤሙ ሳይሰጥ ሲቀር

ህሊና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ስለ ኤቲኤም ነው የምናወራው። ሰውን በጣም ከሚያስጨንቀው ነገር እንጀምር። ስልክ ላይ 4,000 ብር ወጪ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ገብቷል፣ ማሽኑ ግን ምንም አልሰጠም። ዮናስ፣ ብሩ የት ሄደ?

ዮናስ፦ ብሩ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው። የተቆረጠው ሂሳቡ ነው። ሂሳብ መቁረጥና ብር መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መጠኑን ስትመርጪ ማሽኑ ጥያቄውን ወደ ባንክሽ ይልካል፤ ባንኩ ቀሪ ሂሳብሽን አይቶ ይቆርጥና ፈቃድ ይመልሳል። ማሽኑ ኖት መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መሃል ኖት ከተቀረቀረ ወይ መብራት ከሄደ፣ ሂሳቡ ቀድሞ ተነክቷል።

ህሊና፦ መስጠት ካልቻለ ግን የመሰረዣ መልእክት ይልካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ብሩ ወደ ሂሳብ የሚመለሰው በዚያ ነው።

ዮናስ፦ ልክ ነሽ፣ መልእክቱ ከደረሰ። ኔትወርኩ በዚያው ቅጽበት ከተቋረጠ ግን ባንኩ የማሽኑን መዝገብ ውስጡ ከቀረው ብር ጋር ማመሳከር አለበት። ማሽኑ እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል፣ ያልሰጠው ብርም ሲቆጠር በትርፍ ይገኛል። የሌላ ባንክ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በኢትስዊች በኩል ያልፋል። ባንኮቹን የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ ማጣራቱ ሁለት ባንኮችን ይነካል፣ ጊዜም ይወስዳል።

ህሊና፦ አቤቱታው ግን ሁልጊዜ የሚቀርበው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው። ማሽኑ የማንም ይሁን የማን፣ ሂሳባችሁ ያለው እዚያ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ደረሰኙ ላይ ያለውን የማሽን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ ካልወጣ የማሽኑንና የስልክ መልእክቱን ፎቶ አንሱ።

ዮናስ፦ ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ደረሰኙ ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚያትመው። ጠዋት 2 ሰዓት ያወጣችሁት 8፡00 ተብሎ ይወጣል። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ፈላጊው ሠራተኛ በማይመለከተው ሰዓት ይባዝናል። ደረሰኙ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ።

ህሊና፦ አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ለምንድን ነው ኖቱ የሚቀረቀረው?

ዮናስ፦ በአብዛኛው ማሽን ከታች ካዝናው ውስጥ አራት የብር ካሴቶች አሉ፤ አንዱ 2,000 ኖት ገደማ ይይዛል። ማሽኑ ኖቶቹን አንድ በአንድ ያነሳል፤ አንዳንዱ በአየር እየሳበ፣ አንዳንዱ በጎማ ተሽከርካሪ እየገፋ። ከዚያ ውፍረታቸው ይለካል። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ ውፍረቱ ስለማይገጥም ለደንበኛው አይሰጥም፣ ለብቻው ወደ ተዘጋጀ ሣጥን ይጣላል። የተጣጠፈ፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣ እርጥበት ያለው ኖት ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ይህ ከተደጋገመ ማሽኑ ራሱን ያቆማል።

ህሊና፦ አዲስ ብርም ያስቸግራል። ከእሽግ እንደወጣ ጠርዙ ይጣበቃል። ስለዚህ ካሴት የሚሞላው ሠራተኛ ኖቱን በእጁ እያራገበ ማላቀቅ አለበት። ይህን ሳያደርጉ መጫን ደንበኛን ማንገላታት ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ዮናስ፦ ደመወዝ በገባ ሰሞን ማሽን ቶሎ ባዶ የሚሆንበትም ምክንያት ከዚሁ አይርቅም። ካሴቶቹ ሁሉ ባለ 100 ከያዙ ያለው 800,000 ብር ነው። ሰው ሁሉ 4,000 ካወጣ 200 ሰው አስተናግዶ ያልቃል። ባለ 200 ቢሆን 400 ሰው። ሌላም አለ፤ ብዙ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ከ40 ኖት በላይ አይሰጡም። ባለ 200 ካለቀ፣ ጠዋት 6,000 የሰጠ ማሽን ከሰዓት በኋላ እምቢ ይላል።

ህሊና፦ ሂሳብ ላይ ችግር ያለ ይመስላችኋል። መጠኑን ቀንሳችሁ ሞክሩ፤ 4,000 ከሰጠ ምክንያቱ ይኼው ነው። 50 ብር ኖት ያልተጫነበት ማሽንም 250 አይሰጥም፤ 200 ወይ 300 ጠይቁ።

ዮናስ፦ አፉ ላይ የወጣ ብርን ሳታነሱ አትቆዩ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ጠብቆ ማሽኑ መልሶ ይወስደዋል። ብዙ ማሽን የመለሰውን እንደገና አይቆጥርም፤ ከመሃል ሁለት ኖት ተስቦ ቀሪው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሰው ከፍቶ እስኪቆጥረው ሂሳባችሁ ላይ ላይመለስ ይችላል።

ህሊና፦ የሚቆጥር ድምፅ ተሰምቶ ምንም ካልወጣ ደግሞ ጥላችሁ አትሂዱ። አፉን በደንብ እዩ። ሌቦች ማጣበቂያ ያለው ስስ ነገር ለጥፈው ብሩን ያስቀሩና ሰው ሲሄድ መጥተው ይወስዱታል። እንዲህ ከጠረጠራችሁ እዚያው ቆማችሁ ወደ ባንኩ ደውሉ። የባንካችሁን ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ መዝግቡት፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ካርዱ ከተዋጠ አይነበብም።

ዮናስ፦ ካርድ ከተዋጠ መጀመሪያ አሳግዱት። የሚስጥር ቁጥር ሁለቴ ከተሳሳታችሁም ሦስተኛውን አትሞክሩ፤ ስህተቱን የሚቆጥረው ባንኩ ስለሆነ ማሽን መቀየር አይረዳም።

ህሊና፦ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናትና አባቶች አንድ ነገር ልጨምር። የሚስጥር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው፣ ለጥበቃም ቢሆን፣ እየነገሩ ማስወጣት ልማድ ሆኗል። ቁልፎቹ መሃል ያለችው 5 ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ነጥብ አለች። እሷን ይዞ የሌሎቹን ቦታ ማስለመድ ይቻላል። ልጆች፣ በሥራ ሰዓት ቅርንጫፍ ያለበት ማሽን ጋ ውሰዷቸውና ሌላው እጃቸው ቁልፎቹን እየከለለ ራሳቸው እንዲነኩ አድርጉ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ብቻ ያዩ፣ ከዚያ 100 ብር ያውጡ።