የ2043ን ፋሲካ የሳተው ፕሮግራም

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬም የምናገረው ቱሉ ዲምቱ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው፤ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ቢሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ርእሴ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ማለትም ተነጣጥለው በሚቆጠሩ ነገሮች ላይ የሚሠራው የሒሳብ ዘርፍ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሳለሁ ይህን ትምህርት የወሰድኩት ለፈተና ብቻ ነበር። የስብስብ፣ የሎጂክ፣ የቀሪ ሒሳብ፣ የኢንዳክሽንና የግራፍ ምዕራፎችን ሸምድጄ ውጤቴን ከተቀበልኩ በኋላ፣ ደብተሬን ዘግቼ ዋናው ሥራ ወደሚመስለኝ ወደ ኮድ መጻፍ ሄድኩ። መሳሳቴን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንዲት አጭር ፕሮግራም ስጽፍ ነው።

ፕሮግራሟን የጻፍኳት እናቴ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን በስልኳ እንድታይ ብዬ ነው። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ቀመር፣ ስሌት ለፕሮግራም ጸሐፊ እጅግ የተመቸ ነው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመርና ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ ወንበሩ ዜሮ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል። ለምሳሌ በ2016 ድምሩ 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፣ ስለዚህ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል። መጥቅዑ የመስከረም ወይም የጥቅምት ቀን ነው፤ በእርሱ ላይ የዋለበት ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም ለየዕለቱ የተመደበው ቁጥር፣ ሲደመር የነነዌ ጾም ይገኛል፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ይውላል።

ከ1950 እስከ 2016 ያሉትን 67 ዓመታት አንድ በአንድ ፈተንኩ፤ ፋሲካው በሁሉም ትክክል ወጣ። ሊቃውንቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ያስተምራሉና፣ ይህንኑ መቆጣጠሪያ አድርጌ ጻፍኩት፤ በእርሱም የወደቀ ዓመት አልነበረም። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በግቢያችን የሚኖሩ አንድ መሪጌታ አሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከብሎካችን ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ዓመታቱን በጣታቸው ቀስ እያሉ ሲገፉ ቆዩና 2005 ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የዚህ ዓመት አበቅቴ 18 ነው፤ አንቺ 19 ብለሻል።»

«የኔታ፣ ፋሲካው ግን ሚያዝያ 27 ነው፤ በትክክል ወጥቷል» አልኳቸው።

«ፋሲካው ልክ ነው፤ አበቅቴው ግን ልክ አይደለም። ቀሪ ሲጠፋ ወንበሩ 18 ነው።»

ቤቴ ገብቼ ሳየው፣ 7505 ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ፕሮግራሜ ከዜሮ አንድ ቀንሶ ወንበሩን ከዜሮ በታች አንድ አድርጎታል። በ11 ሲባዛ ከዜሮ በታች 11 ይሆናል፤ የጻፍኩበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ደግሞ ይህን ለ30 አካፍሎ ቀሪውን 19 ይላል። በሲ ወይም በጃቫ ብጽፈው ኖሮ ቀሪው ከዜሮ በታች ስለሚወጣ ስሕተቱ ወዲያው ዓይን ይገባ ነበር። መድኃኒቱ አስቀድሞ አንድ ቀንሶ ከዚያ ለ19 ማካፈል ነው፤ በ19 ዙር ውስጥ ከዜሮ አንድ ወደ ኋላ መሄድ 18 ላይ መድረስ ነውና። የኔታ የነገሩኝና ያ የሸመደድኩት የቀሪ ሒሳብ ምዕራፍ አንድ ነገር እንደሆኑ ያን ምሽት ገባኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን መቆጣጠሪያዬ ለምን ዝም እንዳለ ነው። እርሳሴን አንስቼ ጻፍኩት፦ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን ድምሩ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህች አንዲት መስመር 67 ሙከራ ሊያረጋግጥልኝ ያልቻለውን ስለ ዓመታት ሁሉ አረጋገጠች፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ መቆጣጠሪያዬ የተሳሳተ ወንበርን ፈጽሞ ሊይዝ እንደማይችል አሳየችኝ። «ያየኋቸው ሁሉ» እና «ሁሉም» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት ፕሮግራም ጸሐፊዎች በየቀኑ እንዘለዋለን። ዲስክሪት ማቲማቲክስ በዋናነት የሚያስተምረው ይህን ርቀት በእግር መሄድን ነው ብዬ አምናለሁ።

ፋሲካው ለምን ትክክል ወጣ? መጥቅዑ 12 መሆን ሲገባው 11 ሆኗል፤ ዕለቱም ከሰኞ ወደ እሑድ ተመልሷል። የሰኞ ተውሳክ 6፣ የእሑድ 7 ስለሆነ 12 ሲደመር 6ም፣ 11 ሲደመር 7ም 18 ነው። ስሕተቱ ራሱን በራሱ ያጣፋል። የማይጣፋው የዓርብ ተውሳክ 2፣ የቅዳሜ ግን 8 ስለሆነ፣ ጥቅምት 11 ዓርብ፣ 12 ደግሞ ቅዳሜ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ፋሲካ በሳምንት ይሳሳታል። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2043 ነው።

ስንት እንዲህ ያለ ዓመት አለ? 7ቱ ዕለታት፣ 4ቱ ወንጌላውያንና የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ሦስቱ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በብዜታቸው፣ በ532 ዓመት ነው። ሊቃውንቱ ዓቢይ ቀመር የሚሉት ይህ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቀሪያቸው ዜሮ የሆነው 28፣ ፕሮግራሜ ፋሲካውን የሚስትባቸውም 4 ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ስለሚደገም 532ቱን ዓመታት መፈተን ማረጋገጫ ነው፤ 67 ዓመት መፈተን ግን አልነበረም።

ሌሎቹም ምዕራፎች እንዲሁ ከሥራችን ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ያሳተመው የሎጂክ አልጀብራ፣ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1937 በማስተርስ ጥናቱ ለማብሪያ ማጥፊያ ዑደቶች እንደሚሠራ ካሳየ ወዲህ የኮምፒውተር ዲዛይን መሠረት ሆኗል። እኛ ግን ትምህርቱን ከፕሮግራም ነጥለን በአንድ ሴሚስተር እንጨርሰዋለን። ጀማሪ ተማሪ ኮዱንና ማረጋገጫውን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍ እመርጣለሁ፤ እኔ አሁን የምሠራው እንደዚያ ነው።

ባለፈው እሑድ የታረመችውን ፕሮግራም ይዤ ወረድኩና የኔታን 2043 ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጠየቅኋቸው። ስልኩን አልተቀበሉኝም። በጣታቸው አንጓ ላይ ጥቂት ቆጥረው፣ «ሚያዝያ 29» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አዞርኩላቸው።