ያቺ ጉርሻ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ውሃ አላወራም፤ ቃል ገብቼላችኋለሁ። ከኋላ ጀሪካን ሲንኳኳ ከሰማችሁ ግን የካ አባዶ ነው፣ ዛሬ የብሎካችን የውሃ ተራ ነው።

ስለ መንጋጋዬ ነው። ባለፈው "ሌሊት ጥርሴን ስለማፋጭ ጉንጬ ላይ ቦቶክስ ተወጋሁ" ብያችሁ ነበር፤ እናንተም "እና እንዴት ሆነ?" እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። ሠርቷል። ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ስር የሚጠዘጥዘኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን የፋሲካ ዕለት የሆነው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ዶሮው ተበልቶ ጥብሱ ቀርቧል። ከተወጋሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ዶክተሯ አስቀድመው ነግረውኛል፤ መድኃኒቱ በጥቂት ቀን ይጀምራል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይለቃል። "ጠንካራ ነገር ማኘክ ሊያደክምሽ ይችላል" ብለውኛል። እኔ ረስቼዋለሁ። ጾም ነበራ! ሽሮና ምስር ስበላ መንጋጋዬ መች ተፈተነ?

እማዬ ጠቀለለች። የእሷን ጉርሻ ታውቁታላችሁ፣ ጭብጥ ያህላል። "በሞቴ" አለች። ጎረስኩ።

እንዴት ልበላችሁ... ጥርሴ ይገጥማል፣ ግን አይቆርጥም። እጫነዋለሁ፣ ሥጋው እንደነበረ ነው። ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ መለስኩት። ጉንጬ ዛለ። እሷ ደግሞ ሁለተኛውን እየጠቀለለች ነው፤ አንድ ያጣላል ነዋ። ሶፍት አነሳሁ። አፌን የምጠርግ መስዬ ተፋሁት። የእናቴን ጉርሻ፣ በፋሲካ።

አየችኝ። ማየቷን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የጠቀለለችውን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው። ጣቶቿ ላይ ቅቤው ያብለጨልጫል። አልጠረገችውም።

"ምነው ልጄ?"

"ጥርሴን አስነቅዬ ነው።"

"የቱን?"

"የኋላውን።"

እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። የኋላውን አልኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩት ነው። "ጉንጬን መርፌ ተወጋሁ፣ ቦቶክስ" ብላት ምን ትላለች? ቦቶክስ ሲባል ሰው የሚያስበው የፊት መጨማደድን ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ የመሰለኝ እሱ ነበር። ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ የተፈቀደው ለዓይን ነው፤ ለሸውራራ ዓይንና አልከፈት ለሚል ቆብ። ነገሩ የሚገኘው በደንብ ያልታሸገ ምግብ ላይ በቅሎ ሰው ከሚገድል ባክቴሪያ ነው። በጣም ጥቂት ሲሆን ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን "ተኮማተር" የሚል መልእክት ያግዳል። በቃ። ጥርስ ለማፋጨት ተብሎ ለብቻው የወጣ ፈቃድ እንደሌለውም ዶክተሯ ሳይደብቁ ነግረውኛል፤ ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ነው የሚሰጡት።

መጀመሪያ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ፕላስቲክ ሞክሬያለሁ፣ ታስታውሳላችሁ፣ በማፋጨት በስቼው ነበር። ዶክተሯ ጣታቸውን ጉንጬ ላይ አድርገው "ግጠሚ" አሉኝ። ገጠምኩ። ጡንቻው እንደ እንቁላል ድቡልቡል ብሎ ወጣ። "ልቀቂ" አሉኝ። ለቀቅኩ። "አልለቀቅሽም" አሉኝ። ለቅቄ ነበር እኮ! ወይም የለቀቅኩ መስሎኝ ነበር። በየጎኑ 25 ዩኒት ወጉኝ። "ማፋጨቱን አያስቆመውም፣ ጉልበቱን ነው የሚቀንሰው" አሉ። ትእዛዙ ከአንጎል ነው የሚመጣው፣ መርፌው እዚያ አይደርስም።

ልጅ ሆኜ ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ እማዬ "ወስፋት ነው" ትል ነበር። ኪኒን ገዝታ ታመጣለች፣ ከሆነ ቀን በኋላ እንደገና አፋጫለሁ፣ እንደገና ትገዛለች። ወስፋት አልነበረም። ግን እየተነሳች ትሰማኝ ነበር ማለት ነው አይደል? ሌሊት ተኝታ አልነበረም ማለት ነው።

ወደዚህ ነው መምጣት የፈለግኩት።

የዚያን ዕለት ሌሊት እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ ፍራሽ ላይ። ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ አንድ ክፍል ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውሃ እየጠበቅኩ ነቅቻለሁ። ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ ገብስ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ታውቃላችሁ? እንደሱ። ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። መጀመሪያ እኔ ነኝ ብዬ መንጋጋዬን ያዝኩ። ልል ነው። ጥርሴ አልተነካካም።

እማዬ ናት።

ትንፋሼን ይዤ ሰማኋት። ጥርሷን ነክሳ አሳደገችን እንላለን፣ ስንቴ ብዬዋለሁ፣ እዚህም ብዬዋለሁ። ድምፅ ያለው ነገር አይመስለኝም ነበር... አይ፣ ወደዚያ ልውሰደው አልፈልግም። ምናልባት በዘር ነው፣ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ምናልባት የማታው ቡና ነው። ግን ጥርሶቿ ጫፋቸው ልሙጥ ነው፣ እድሜ ይመስለኝ ነበር።

ልቀስቅሳት? እጄን ጉንጯ ላይ ላድርግ? አላደረግኩም። ውሃው መጣ፣ ተነስቼ ጀሪካን ሞላሁ።

ጠዋት አጥሚት ሠርታ ጠበቀችኝ። "ለተነቀለው ለስለስ ያለ ይሻላል" አለች። ጠጣሁት። በጣም ይጣፍጥ ነበር።

እሷን ሐኪም ጋ ልወስዳት እፈልጋለሁ። የግድ መርፌ አይደለም፣ ይዩአት ብቻ። ግን ይሄን ለማውራት መጀመሪያ የእኔን መናገር አለብኝ። የእኔን ለመናገር ደግሞ ያቺን ሶፍት... አየችኝ እኮ። አይታኝ ነው አጥሚት የሠራችው። ወይስ እውነትም አምናኝ ነው?

ትናንት ደወለች። ገና ሰላም ሳንባባል "ቁስሉ ደረቀልሽ ወይ?" አለችኝ።

"ደርቋል እማዬ" አልኳት።

"ጎሽ። የቱ ነበር፣ የቀኙ ነው የግራው?"

እኔ... ቆይ፣ ምን እንዳልኳት እንኳን...