የጥላቻ ወሬ ማንን ይደብቃል?

[ምስል፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ፣ በካርታ]

ይህን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ጣርማበርን አልፋችሁ ደብረ ሲና፣ ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት። እስከዚህ ሰሜን ሸዋ ነው። ትንሽ ሄድ ስትሉ ሰንበቴ ትመጣለች፤ እሷ እዚያው አማራ ክልል ውስጥ ባለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናት። ወዲያው ደግሞ አጣዬና ካራቆሬ፤ ተመልሳችሁ ሰሜን ሸዋ ገባችሁ። ከዚያ ከሚሴ፤ እንደገና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። አስፋልቱ አንድ ነው፤ አስተዳደሩ ብቻ ይለዋወጣል።

[ምስል፦ የሰንበቴ ገበያ]

እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። በሁለት ቋንቋ እየቀላቀለ የሚከራከር ነጋዴ እዚህ ብርቅ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በዚህ መስመር የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አጣዬ ተቃጠለች። በሁለቱም ዞኖች ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። የተኮሰው ስልክ አይደለም፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። ስልኩ የሠራው ሌላ ሥራ አለ። እሱን እንይ።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ መልእክቶች እየተደራረቡ]

ለምሳሌ ያህል፣ ሌሊት ከብት ተዘርፎ አንድ እረኛ ተገደለ እንበል። የመጀመሪያው ወሬ፣ «እዚህ ቦታ እረኛ ተገድሏል፣ ገዳዩ አልተያዘም» ይላል። ሁለተኛው፣ «እነሱ ገደሉት» ይላል። ሦስተኛው፣ «እነሱ እየጨረሱን ነው» ብሎ ከሌላ አገር የተወሰደ የድሮ ፎቶ ይለጥፋል። ከዚያ አንዱ ከሩቅ ሆኖ ላይቭ ይገባል፤ ሰንበቴን ረግጦ አያውቅም፣ ነገ ጠዋትም በዚህ መንገድ አያልፍም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ገዳዩ የት ገባ?

ከወሬው ጠፍቷል። ስሙን የሚጠይቅ የለም፣ ዱካውን የሚከተል የለም። ጥፋቱ የሕዝብ ሲሆን እሱ ሕዝቡ ውስጥ ተደበቀ። ጭራሽ ጠባቂ አገኘ፤ «ሊያጠቁን ነው» ብሎ የፈራ ጎረቤት ሁሉ ሳያውቀው ይከልለዋል። «ለሟቾቻችን ድምፅ እየሆንን ነው» ብለው ጥላቻ ለሚነዙ ይህን መናገር እፈልጋለሁ። በንግግራችሁ ከማንም በላይ የሚጠቀመው ገዳዩ ነው። የሟች እናት ፍትሕ አታገኝም።

[ምስል፦ የአዋጁ የፊት ገጽ]

ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማነሳሳትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ላይክ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። ሼር ማድረግ ግን ለብዙ ሰው ማዳረስ ነው፤ እዚያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሆኖም ለእኔ ሕጉ ዘግይቶ የሚደርስ ነገር ነው። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቀድሞ መድረስ የሚችለው ጋዜጠኛው ነው። ቦታው ይጠራ፣ ሰዓቱ ይጠራ፣ ተጠርጣሪው እንደ አንድ ሰው ይጠራ። የሞተው ከየትኛውም ወገን ይሁን እኩል ይዘገብ። የራስን ሟች በስም፣ የሌላውን በቁጥር መዘገብ ያው አድልዎ ነው።

[ምስል፦ ከዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች]

ሽማግሌዎቻችን ይህን ከድሮም ያውቁታል። በአማራው ደም ማድረቅ አለ፣ በኦሮሞው ጉማ አለ። ሰው ሲሞት «ማን ገደለ?» ይባላል። ገዳዩ ይለያል፣ ያምናል፣ ቤተሰቡ ካሳ ይከፍላል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ዘመድ ሸክሙን ይጋራል እንጂ ገዳዩ አይሰወርም። ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራ የለም። ካሜራው የሚመጣው ጭስ ሲታይ ነው።

ስለዚህ በአካባቢው ለሚሠሩ ሬዲዮዎችና ቴሌቪዥኖች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ከአጣዬም ከሰንበቴም ሽማግሌዎችን፣ ነጋዴዎችን፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች አንድ ላይ አስቀምጡ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይናገሩ። «ወንድማማች ነን» ብለው ተቃቅፈው የሚለያዩበት ፕሮግራም አይሁን፤ እሱን ብዙ ጊዜ አይተነዋል። የተቃጠለውን ቤት ማን ይሠራዋል? የተፈናቀለው በምን ዋስትና ይመለሳል? የተጠረጠረው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ? ከዚህ ይጀመር።