የሥራ ቀን እራት፦ ግማሽ ኪሎ ሥጋና ኑድል

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እንደምን አመሻችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እራት ነው። የበዓል እራት አይደለም፤ የማክሰኞ ወይም የሐሙስ ማታ እራት ነው፤ ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኖ፣ ከሥራ የገባው ሰው ደክሞት፣ ልጆቹ ደግሞ ርቧቸው የሚቀርበው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከእኛ ሰፈር አቅራቢያ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ቀኑን መሃል ከተማ ሠርቶ ማታ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፤ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይዘጋጋል፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ጀንበር ከጠለቀች ቆይታለች። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ከትፎ፣ በርበሬ አቁላልቶ ወጥ መሥራት የሚችል ማን ነው? ወጥ ጊዜ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት የሥራ ቀን እራት የትናንት ሽሮ ማሞቅ ወይም ፓስታ በስልስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ይህንን አልቀበለውም። ቤተሰብ በሳምንት ውስጥ አብሮ የሚበላው አብዛኛው ማዕድ የሥራ ቀን እራት ነው፤ ትኩስ ሆኖ፣ በወጉ ተሠርቶ መቅረብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ ቻይናውያኑ የመንገድ ሠራተኞች በሚኖሩበት ካምፕ ወጥ ቤት ረዳት ሆና ሠርታለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ይቀራረባል፤ እትዬ ነው የምላት። አንድ ምሽት ወጥ ቤቷ ቆሜ ሳያት፣ ሥጋ፣ ዝንጅብልና ኑድል ይዛ ሙሉ ማዕድ ለማቅረብ የፈጀባት ጊዜ እኔ ሽንኩርት ልጬ ከምጨርስበት ብዙም አይበልጥም ነበር። «ልጄ፣ ይህ ምግብ ቢላዋ እንጂ ሰዓት አይጠይቅሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ምግብ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ከሥጋው ልጀምር። ሥጋ ቤት ገብታችሁ ከሽንጡ ግማሽ ኪሎ፣ ጮማው የተነሣለት፣ በአንድ ቁራጭ ይስጣችሁ በሉት፤ እንዳይከትፈው ንገሩት። ጭቅናውን ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ተዉላቸው፤ ለዚህ ምግብ አያስፈልግም። ግማሽ ኪሎ ለአምስት ሰው አይበቃም የሚል ሰው ይኖራል። ይበቃል፤ የሚያበቃውም አቆራረጡ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋልና። በሬ እንደ እኛው አገር በቻይናም የእርሻ ጉልበት ነበር። በተለያዩ ሥርወ መንግሥታት የሚያርስ በሬ ማረድ በሕግ ተከልክሎ ኖሯል።  በቻይና ዛሬ እጅግ ስመ ጥር የሆነው የበሬ ሥጋ ኑድል የላንዦ ከተማው ሲሆን፣ ሑይ ከሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ማጀት የወጣ ነው። ላንዦ ውስጥ አንድ ሳሕን ኑድል ሲቀርብላችሁ ዋናው መረቁና ሊጡ ነው፤ ሥጋው ስስ ሆኖ፣ ቁጥሩም አንሶ ከላይ ይደረጋል። ሥጋን በጥቂቱ፣ ጣዕሙን ግን በሙሉ የማውጣት ጥበብ ማለት ይህ ነው። የሥጋ ዋጋ አልቀመስ ባለበት በዚህ ጊዜ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቢላዋው። ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ በሚሠራው ክፍል፣ አርባ ደቂቃ ያህል አቆዩት። ድንጋይ እንዲሆን አይደለም፤ ጠርዙ ጠጠር ብሎ ልቡ እንዲለሰልስ ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አስቀምጡና አስተውሉት፤ የሥጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ይታያል፤ ነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ቢላዋው እነሱን አቋርጦ መሄድ አለበት። ክሩን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ ረጅም ክር ይዞ ይቀራል፤ ጥርስ ሲያኝከው ይውላል። አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁት ግን ክሩ አጭር ስለሚሆን አፍ ውስጥ ይፈታል። በትክክል የተቆረጠ ቁራጭ ወደ መብራት ከፍ ሲደረግ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠርዙ ላይ ቅዝቃዜው ገና አልለቀቀውም፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሥጋ ስል ቢላዋ ይወዳል፤ ቢላዋችሁ ከደነዘዘ አስቀድማችሁ አስሉት።

የእኛ አገር ሥጋ ብዙ ጊዜ ያረሰ በሬ ሥጋ ነው። ጣዕሙ የትም አይገኝም፤ ጠንከር ማለቱ ግን አይካድም። ለዚህም መላ አለው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ እሹትና ሩብ ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ በውኃ አለቅልቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ሶዳው የሥጋውን አሲድነት ስለሚቀንስ፣ እሳት ሲያገኘው አይኮማተርም። ቀጥሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ አዋሕዱት። ስታርቹ ሥጋውን በስሱ ይለብጠውና ፈሳሹን ውስጡ ይይዝለታል።

ኑድሉን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። በሱቅ የሚሸጠው ፈጣን ኑድል በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ጃፓናዊው ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ሲያቀርበው፣ የበሰለውን ኑድል በዘይት ጠብሶ ውኃውን የማስወጣት ዘዴ ፈጥሮ ነው፤ ጥብሱ ሊጡ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚተው ፈላ ውኃ በቶሎ ይገባበታል። የሚያበላሸው አብሮት ያለው የቅመም ከረጢት ነው፤ ጨው የበዛበት ነውና ሁሉን ምግብ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ኑድሉን ተጠቀሙ፤ ከረጢቱን ግን ጣሉት። ኑድል ካልተገኘ ደግሞ ቀጭኑ ፓስታ ያገለግላል። ለሁለት ሊትር ፈላ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ቀቅሉት፤ ወጠር ብሎ፣ ቢጫነቱም ጎልቶ ኑድል ኑድል ይላል። የላንዦ ባለሙያዎችም ከጥንት ሊጣቸውን ሲያጠነክሩ የኖሩት ከዕፅዋት አመድ በሚገኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። ሶዳ የገባበት ውኃ ይገነፍላልና ከድስቱ አትራቁ።

ሌላም ልብ በሉ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ እንጂ 100 ላይ አይደለም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ሦስት ደቂቃ ተብሎ ከተጻፈ አራት ወይም አምስት ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን ሳይሆን ጥርሳችሁን እመኑ። መሃሉ ላይ ጥቂት ጠንከር ሲል አውጡት፤ ድስቱ ውስጥ ይጨርሳል።

መጥበሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ እሳት ሳይነካ ሁሉም ነገር ተከትፎ ይጠብቅ፦ አራት ፍልቃቂ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮት በቀጭኑ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ። በአንድ ስኒ ውስጥ ደግሞ አራት ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይቀላቀል። ጨው አያስፈልግም፤ ሶያ ሶሱ ራሱ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ተብላልቶ በጨው የተሠራ ነው።

ብረት መጥበሻው ጭስ እስኪጀምር ይጋል። ሥጋውን ለሁለት ከፍላችሁ፣ በጥቂት ዘይት በየተራ ጥበሱት። አንድ ላይ ከተጨመረ ውኃ ያወጣና ቅቅል ይሆናል፤ ጥብስ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እትዬ «እሳቱን አትፍሪው፤ ሥጋው እየጮኸ ነው የሚጣፍጠው» ትለኛለች። አንድ ደቂቃ ተውት፣ ገልብጡት፣ አውጡት። በቀረው ዘይት ላይ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ ቀጥሎ አትክልቱን፣ ከዚያ ስኒ ውስጥ ያለውን፣ በመጨረሻ ኑድሉንና ሥጋውን መልሱ። መብራት ከሄደም ችግር የለም፤ በደንብ የተያያዘ ከሰል ከኤሌክትሪክ ምድጃ የበለጠ ያስጮኸዋል።

በርበሬ ይጨመርበት የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ አይሆንም እላቸዋለሁ። በርበሬ ሲቁላላ እንጂ በሁለት ደቂቃ አይበስልም፤ ጥሬ ጥሬ ይላል። የሚያቃጥል የሚወድ ሰው ሚጥሚጣ ከላይ ይነስንስበት፤ ልጆች ካሉ ለብቻው ይቅረብ።

የምወደው ክፍል ሰሊጡ ነው። አንድ እፍኝ ሰሊጥ ደረቅ መጥበሻ ላይ ወርቅ እስኪመስል ቁሉና በሙቀጫ ሸክሸክ አድርጉት፤ ምግቡ ከእሳት ሲወርድ በትኑት። የሁመራ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከዋና ገዢዎቹም አንዷ ቻይና ናት። ከውጭ የመጣ የሰሊጥ ዘይት ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ከመዞር በፊት፣ ከጉልት የተገዛውን ሰሊጥ ቁሉት፤ ሽታው ግቢውን ያውደዋል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት በሥጋው ፈንታ እንጉዳይ በዚያው ዓይነት ጠብሶ መጨመር ይችላል፤ ያኔ ግን ሶዳውን ተዉት፤ ሌላው አይለወጥም። የኑድሉ ማሸጊያ ጽሑፍ ላይ እንቁላል እንዳልገባበት ማየት ብቻ ነው።

ነገ ምሽት ለመሥራት የምታስቡ፣ ሥጋውን ዛሬ ቁረጡና በክዳን ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፤ ሶያ ሶሱና ስታርቹ ያደረ ሥጋ የበለጠ ይለሰልሳል። ከታክሲ ስትወርዱ የሚቀራችሁ ውኃ ማፍላትና መጥበሻ ማጋል ይሆናል። መልካም እራት ይሁንላችሁ።