መለኪያው ቆመ፣ በጀቱ አለቀ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ወንዝ፣ ሐይቅና ከርሰ ምድር ውሃ ጥናት፣ በተለይም ገንዘቡ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዴት እንደሚገኝ ስንነጋገር ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓት ገድቦን ያልመለስኳቸውን እዚህ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዲግሪዬን ገና መጨረሴ ነው። በሐይቅ ውሃ ጥራት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ላይ ላመልክት?

መልስ፦ እዚያስ አትድከሚ፣ እህቴ። ፈንዱ ለግለሰብ ተመራማሪ አይከፍልም። ገንዘቡ የሚያልፈው እውቅና በሰጣቸው ተቋማት በኩል ነው፤ መንግሥት የወከለው መሥሪያ ቤትም «ተቃውሞ የለኝም» ብሎ መጻፍ አለበት። ላንቺ የሚሻለው ለጀማሪ የታሰበ አነስተኛ ድጋፍ ነው። ለምሳሌ በ1972 ስዊድን ውስጥ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን የተነሣው በታዳጊ አገሮች ያሉ ወጣት ተመራማሪዎችን ለመደገፍ ነው። ጥሪ መኖሩን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ከዚያ ጥያቄሽን አጥብቢው። «የሐይቁን ብክለት ማጥናት» ካልሽ ገምጋሚው ያዛጋል። «ከከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ከእርሻ የሚገባው ፎስፈረስ ምን ያህል ነው?» ካልሽ ግን የት ቆመሽ ናሙና እንደምትቀጂ ሁሉ ይታየዋል።

ጥያቄ፦ ተቋማችን ከአውሮፓ ውጭ ነው። ሆራይዘን ዩሮፕ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ውስጥ መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ከ2021 እስከ 2027 የሚዘልቀው ይህ ፕሮግራም ለብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማትም ይከፍላል። ብቻችሁን ግን አይሆንም። በትብብር ለሚሠሩት ፕሮጀክቶች ቢያንስ ከሦስት አገሮች ሦስት ተቋማት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የግድ ከኅብረቱ አባል አገር፣ ሁለቱ ከአባል ወይም ከተባባሪ (ፕሮግራሙን በስምምነት ከተቀላቀለ) አገር። አገራችሁ ተባባሪ ካልሆነች አራተኛ ሆናችሁ ነው የምትገቡት። በ2022 የጀመረው ዋተር ፎር ኦል የሚባለው የውሃ ምርምር ጥምረት ደግሞ ሌላ ነው። በጋራ ጥሪዎቹ እያንዳንዱ አገር የሚከፍለው ለራሱ ተመራማሪ ነው። የአገራችሁ ስም ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ወጪው ከራሳችሁ ኪስ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፕሮፖዛሉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክት መጥቶ ወንዛችን ላይ የውሃ መለኪያ ተከለ። ሦስት ዓመት ሠራ፣ ከዚያ ዝም። ለጋሾች ለጥገና የማይከፍሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። ለጋሽ አዲስ ነገር ይወዳል። አዲስ መሣሪያ ፎቶ ይነሣል፤ መለኪያው ላይ የሚበቅለውን አልጌ የሚጠርግ ሰው ደመወዝ ፎቶ አይነሣም። መለኪያው ደግሞ ተክለውት የሚረሱት ዕቃ አይደለም። ሴንሰሩ አልጌ ይለብሳል፣ ደለል ይውጠዋል፣ ባትሪው ያልቃል። ከሁሉ የባሰው ግን የማይታየው ነው። መሣሪያው የሚለካው የውሃውን ከፍታ እንጂ መጠኑን አይደለም። ከፍታውን ወደ መጠን የሚቀይረው ሠንጠረዥ የሚወጣው ሰው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወይም ድልድይ ላይ ቆሞ ፍጥነቱንና ጥልቀቱን ደጋግሞ ሲለካ ነው። አንድ ትልቅ ጎርፍ የወንዙን ወለል ከቦረቦረው ሠንጠረዡ አበቃለት። መሣሪያው ቁጥር መላኩን አያቆምም፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

የተለመደው ድጋፍ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። የአየር ንብረት አማካይ የሚሰላው ግን በ30 ዓመት መረጃ ነው። ስለዚህ ከመፈራረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከመጨረሻው ዓመት በኋላ የመለኪያው ጠባቂ አበል ከማን በጀት ይወጣል? «ማኅበረሰቡ ይረከባል» ካሏችሁ ማንም አይረከብም ማለት ነው። እኔ ብሆን አምስት መለኪያ ከመትከል ሁለት ብቻ ተክዬ፣ ቋሚ በጀት ላለው የውሃ መሥሪያ ቤት ገና በመጀመሪያው ዓመት አስረክባለሁ።

ጥያቄ፦ ተመራማሪዎች አይደለንም፤ ምንጭ የምንጠብቅ ማኅበር ነን። ለእኛስ?

መልስ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ፈንድ፣ የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲን፣ አነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም እዩ። በ1992 ሲጀመር ጀምሮ ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ነው፤ በዋናነት የሚያስፈጽመውም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ የከርሰ ምድር ውሃ እየቀነሰ መሆኑን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ገንዘብ ግን የለኝም።

መልስ፦ በነፃ ጀምር። በ2002 የመጠቁት ግሬስ የተባሉት መንትያ ሳተላይቶችና በ2018 የተከተሏቸው ተተኪዎች የምድርን ስበት ለውጥ እየለኩ የውሃ ክምችቱን ውጣ ውረድ ያሳያሉ። መረጃው ለሁሉም ክፍት ነው። ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ነው የሚያዩት፤ የአንድን መንደር ጉድጓድ አይነግሩህም። ለጉድጓዱ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ሜትር ይበቃሃል። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ለካ፣ ያውም ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ሳይነሣ በማለዳ።