የጋውኑ ማሰሪያ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከኋላዬ የሚሰማችሁ ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው። ጅማ ናት እንግዲህ፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ይሄ ክፍል መስከረምም አይወጣ።

ዛሬ ስለ ምስጋና ነው የማወራው። አትሽሹ፣ ስብከት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ አንድ ነገር ገጠመኝ፤ እሱ ነው ወደ 2012፣ ወደ ኮሮናው ጊዜ የመለሰኝ።

ለማታውቁኝ፣ ነርስ ነኝ። እዚሁ ጅማ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል ናይት ገቢ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ተለወጠ። ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጨን የተገናኘን የማይመስለን ሰዎች፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ጎንበስ ማለት ጀመርን። ቡናም ቀረ። ጅማ ተቀምጠን ቡና ቀረ! ሰብሰብ ብሎ አቦል መጠጣት ክልክል ሆነና የላውንድሪ ሴቶች ፔርሙዝ በር ላይ እያስቀመጡልን ይሄዱ ጀመር። የጀበናን ያህል አይሆንም፣ ግን በየተራ ወጥተን ቆመን እንጠጣ ነበር።

የዚያን ሰሞን ሌላ አገር ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ለጤና ባለሙያ ሲያጨበጭብ በስልኬ አየሁ። እኔን ባጃጅ አልጭንም አለኝ። «ሲስተር ይቅርታ፣ ቤቴ ልጆች አሉ» ብሎኝ ነዳው። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። የአንዷን ጓደኛዬን ቤት ደግሞ አከራይዋ «ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» አሏት። ዘመድየው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ስለዚህ ማን ያመስግነን? የነበርነው እኛው ለእኛው ነን።

አሁን ስለ ጋውን ልንገራችሁ። ያ ሙሉ ልብስ፣ ፒፒኢ የምንለው፣ ጋውኑ የሚታሰረው ከጀርባ ነው። አንገት ላይ አንድ፣ ወገብ ላይ አንድ። ራስሽ ልታስሪው ብትሞክሪ አይሆንም፣ ቢሆንም ይላላል። አንድ ሰው ከኋላሽ መቆም አለበት። ስታወልቂም እንደዚሁ፣ አንድ ሰው ቆሞ ያይሻል። «ጓንት። ቆይ፣ እጅሽን። መነጽር። ማስክ መጨረሻ!» ይልሻል። ደክሞሽ ፊትሽን በእጅሽ ልትነኪ ስትይ የሚጮህብሽ ሰው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የጮኹብኝን ሁሉ እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ከተሸፈንን በኋላ ደግሞ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተን። ዓይን ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም በመነጽሩ ጉም ውስጥ። ፕላስተር ላይ በማርከር ስማችንን ጽፈን ደረታችን ላይ መለጠፍ ጀመርን። የፅዳት ሠራተኛዋን ስም ያወቅኩት ያኔ ነው። አራት ዓመት አንድ ዋርድ ሠርተናል። አራት ዓመት «እትዬ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ስማቸውን አልነግራችሁም፣ እንዳላወራ አስምለውኛል። ሥራቸውን ግን ልንገራችሁ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 0.5 በመቶ ለማድረግ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። እሳቸው ሃይላንድ አንገቱ ላይ ቆርጠው መስፈሪያ ሠሩ። አንድ ሃይላንድ ከዚህ፣ ዘጠኝ ከዚያ። ድምፃቸውን አውጥተው ነው የሚቆጥሩት። መሀል ላይ ካናገርሻቸው ደፍተው እንደገና ይጀምራሉ። ከቀጠነ ጀርሙን አይገድልም፣ ከወፈረ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። የትናንቱም ለዛሬ አይሆንም፣ ኃይሉ ይወርዳል። እኛ መድኃኒት ስንሰጥ በዚያ ልክ የምንጠነቀቅ ስንቶቻችን ነን?

ኦክስጅን የሚያመላልሰውም ልጅ እንደዚሁ ነው። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 15 ሊትር ከለቀቅሽው ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ናይቱ ሳያልቅ ያልቃል። ልጁ ይህን ያሰላል። ሳንደውልለት፣ ሌሊት፣ ያን ብረት በቂጡ እያሽከረከረ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ድምፁ ይሰማል። ውስጥ ሆኜ ያን ድምፅ ስሰማ የሚሰማኝን እንዴት ልግለጸው? ለእሱ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ኮንትራቱ አልቆ ሄደ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር የዋለው። ሌሊቱ የእኔ ተራ ነው። ታማሚው ገና ብዙ አልነበረም፣ ፍርሃቱ ግን ሞልቶ ነበር። ጠዋት የዲዩቲ ፕሮግራሙን ሳይ ስሜ ተሰርዞ የአንዷ ሙስሊም ጓደኛዬ ስም ተጽፏል። አልጠየቀችኝም። ስደውልላት «እናትሽ ዶሮ ይዘው ብቻቸውን ሊያድሩ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። እኔ ምን አደረግኩ? ከመግሪብ በፊት ለብሼ በሩ ላይ እቆማለሁ። አዛን ሲል እሷ ትወጣለች፣ እኔ እገባለሁ። ቴምሯን ወንበር ላይ አስቀምጥላታለሁ። ከመስታወቱ ማዶ ሆና እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «ገለቶሚ» ትለኛለች፣ ከከንፈሯ ነው የማነበው። አንድ ነገር ልበል? «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ለሥራ ባልደረባ ሲሆን ስብሰባ ስብሰባ ይለኛል። «ገለቶሚ» ነው አፌ ላይ የሚቀለኝ።

በኋላ እውነተኛው ስብሰባ መጣ። የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ፣ ሰርተፍኬት ታደለ። ሐኪም ተጠራ፣ ነርስ ተጠራ፣ ላብራቶሪ ተጠራ። የእኔ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ነው የተጻፈው፣ ይሁን። ፅዳት አልተጠራም። ላውንድሪ አልተጠራም። የተጨበጨበበትን አዳራሽ ጠዋት የወለወሉት እትዬ ናቸው። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አጨብጭቤ፣ ለስላሳዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይሄ ነው ሲከነክነኝ የኖረው።

ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። አሁንም እዚያው ዋርድ ናቸው። በስማቸው ጠራኋቸው። ደነገጡ፣ መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እኛ ቤት ፅዳት በስሙ የሚጠራው አንድ ነገር ሲጎድል ነዋ። እንደምንም ስለ በረኪናው ተናገርኩ። ስለ ሃይላንዱ፣ ስለ ቆጠራው። ሰርተፍኬቱ የእርስዎ ነበር አልኳቸው።

«ተይ እባክሽ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «የመጀመሪያው ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ጀርባዬን ያሰርሽልኝ አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? አላስታውሰውም። እስካሁን እያሰብኩ ነው፣ ጭራሽ አይመጣልኝም።

እሳቸው መወልወያቸውን አነሱ። «በይ ጥግ ያዢ ሲስተር፣ ወለሉ እርጥብ ነው።»